ሥራ ልልቀቅ ብል ኮሮና ይዟታል ተባልኩ

ሥራ ስለ መቀጠር የማያስተምር ሰው የለም። ደላላው ያስተምራል፣ የኤጀንሲው ሰውዬ ያስተምራል፣ ከዐረብ አገር የተመለሰች የጎረቤት ልጅ ስልኳን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው ታስተምራለች። ስለ መልቀቅስ ማን ያስተምራል? ማንም! እኔ ኩዌት ስመጣ ጫማዬን የት እንደማወልቅ፣ ሲቆጡኝ እንዴት ዓይኔን ሰበር እንደማደርግ ሁሉ ተነግሮኝ ነበር። «ሥራውን ብትጠዪውስ?» ያለኝ ግን አንድም ሰው የለም። ሥራ መጥላት ወንበርና ጠረጴዛ ላላቸው ሰዎች ብቻ የተፈቀደ ነገር ይመስላቸዋል መሰለኝ።

እኔ ግን ጠላሁት። ምን ላድርግ?

ማዳም ክፉ ሆና አይደለም። አልመታችኝም፣ አላስራበችኝም። ችግሩም እሱ ነው። ክፉ ብትሆን ኖሮ ለምን ጠላሽው ስባል መልስ አይቸግረኝም ነበር። ቁርጡባ ውስጥ ነው ቤቱ፤ ባለ ሦስት ፎቅ ቪላ፣ አራት ልጆች፣ ባባ የምንለው አባወራ፣ እና እሷ። ኮሮና ከገባ ወዲህ ማዳም በዓለም ላይ ያለውን ነገር ሁሉ ማመን አቆመች። ቲማቲሙን በሳሙና እጠቢ አለችኝ፤ አጠብኩ። ሽንኩርቱን አለችኝ፤ አጠብኩ። ዳቦ የመጣበትን ፌስታል በበረኪና አለችኝ፤ ይሁን። አንድ ቀን የሳሙናውን ጠርሙስ በሳሙና እጠቢው ስትለኝ ግን ቆሜ አሰብኩ። እሱንስ ያጠብኩበትን ሳሙና በምን ላጥበው ነው?

ስሜ ደግሞ ወይንሸት ነው። ረዘመባቸውና «ዌን» ብለው አሳጠሩት። ታዲያ «ዌን» በእነሱ ዐረብኛ «የት?» ማለት ነው! ከሦስቱም ፎቅ ቀኑን ሙሉ «ዌን! ዌን!» ይባላል፤ እኔን ይጥሩ፣ የጠፋ ካልሲ ይፈልጉ፣ በምን ልወቅ? ለማንኛውም እሮጣለሁ። ካልሲውንም ቢሆን የማገኘው እኔው ነኝ።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት በሩን ነው። ሰዓት እላፊው ሲታወጅ አገሩ በሙሉ ተዘጋ፤ እኛም ተዘጋን፤ ደግ። ቆይቶ ተነሳ። ሱቁ ተከፈተ፣ የባሕሩ ዳር በሰው ሞላ፣ ልጆቹ ወጡ፣ ባባም ከጓደኞቹ ጋር ሻይ ወደሚጠጣበት ዲዋኒያ ተመለሰ። ለእኔ ብቻ ሳይነሳ ቀረ። እዚህ አገር እረፍቱ ዓርብ ስለሆነ ዓርብ ዓርብ ቤተ ክርስቲያን እሄድ ነበር፤ አሁን ግን «በሽታ ይዘሽብን ትመጫለሽ» ተባልኩ። ልጆቹ ከገበያ ማዕከሉ ይዘው የሚመጡት ምን ይሆን፣ ጸበል?

ኮንትራቴ ካለቀ ቆይቷል። አብራኝ በአንድ አውሮፕላን የመጣችው፣ አርዲያ የምትሠራው ጓደኛዬ ሰብለ፣ አንድ ቀን ደውላ አሕመዲ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት፣ ሠራተኛ እንደሚፈልጉ ነገረችኝ። የሰብለ ማዳም አክስት ናቸው። ቤቱ ምድር ቤት ብቻ፣ ልጅ የለ፣ ዓርብ እረፍት። ዓርብ እረፍት ስትለኝ ስልኩን ልስመው ምንም አልቀረኝም።

በእኛ ዘንድ የታወቀው የሥራ መልቀቂያ መንገድ አንድ ነው፤ መጥፋት። ቆሻሻ ልጣል ብለሽ ትወጫለሽ፣ በዚያው ትቀሪያለሽ። ግን በስሙ ያስመጣሽ አሠሪ ጠፋች ብሎ ሲያመለክት ኢቃማሽ፣ የመኖሪያ ፈቃድሽ፣ አለቀለት። ከዚያ ወዲያ ፖሊስ ባየሽ ቁጥር ግድግዳ ለመምሰል መሞከር ነው። የአሕመዲዋ ሴትዮም ቢሆኑ ያለ ተናዙል፣ ማለትም የድሮው አሠሪ «ለቅቄያታለሁ» ብሎ ካልፈረመልኝ፣ እንደማይቀበሉኝ ቁርጡን ተናግረዋል። ስለዚህ የቀረኝ በወግ በማዕረግ መልቀቅ ነው።

ሰብለ ይህን ስትሰማ ከስልኳ ላይ አንድ ቪዲዮ ፈልጋ ላከችልኝ። ክራባት ያሰረ ሰውዬ ነው፤ ከኋላው አበባ አለ። «የማይወዱትን ሥራ በሙያዊ መንገድ እንዴት ይለቃሉ?» ይላል። በመጀመሪያ ከቅርብ አለቃዎ ጋር ጸጥ ባለ ቦታ ይገናኙ። ንግግርዎን በምስጋና ይጀምሩ። ቅሬታ አያንሱ። የሚተካዎን ሰው ለማሠልጠን ፈቃደኛ ይሁኑ። ፈገግ ይበሉ። እኔም ክራባት ያሰረ ሰው ይዋሻል ብዬ አላሰብኩም፤ የቤቱን ልብስ እየተኮስኩ ንግግሬን በዐረብኛ አጠናሁ። ሰብለ ደግሞ በስልክ አብረዋት ከሚጸልዩት የቤተ ክርስቲያን እህቶቿ ጋር በር እንዲከፈትልኝ ጸለየችልኝ። «አንቺ ብቻ ምስጋናው ላይ እንዳትቆጥቢ!» አለችኝ። አልቆጠብኩም።

መጀመሪያ ጸጥ ያለ ቦታ። በዚያን ጊዜ በዚያ ቤት! አራቱም ልጆች በየክፍላቸው በኮምፒውተር ይማራሉ፤ አንዱ ጋ ሒሳብ፣ አንዱ ጋ ቁርኣን፣ ትንሿ ጋ መምህርቷ እንደ እንቁራሪት ትዘላለች። ማዳም እራሷ የመንግሥት ሠራተኛ ናት፤ ቢሮ የምትገባው በስክሪን ነው። ስትሰለች ግን ግቢ ወርዳ የቆመ መኪናዋ ውስጥ ትቀመጣለች፤ ሞተሩን አስነስታ፣ ማቀዝቀዣውን ከፍታ፣ የትም ሳትሄድ። እንግዲህ ከዚህ የበለጠ ጸጥታ ከየት ይመጣል? ማስኬን አደረግኩ፣ ጓንቴን አደረግኩ፣ ሄጄ መስኮቱን ቆረቆርኩ።

መስኮቱን ጣት በምታህል ክፍተት ዝቅ አደረገችልኝ። ጀመርኩ።

«ማዳም፣ ስላደረግሽልኝ ሁሉ አመሰግናለሁ። እንደ እህቴ ነሽ። ከአንቺ ብዙ ተምሬያለሁ። ያስቀየምኩሽ ነገር ካለ ይቅር በይኝ።»

ዓይኖቿ ከማስኳ በላይ ሰፋ አሉ። ልቧ ተነካ አልኩና ፈገግ አልኩ፤ ከማስክ ሥር ፈገግታ ምን እንደሚጠቅም እንጃ። ከዚያ ዋናው ነገር መጣ። «ሥራዬን ጨረስኩ» ልላት ነው ያሰብኩት። «ኸላስ» በቃ፣ አለቀ ማለት ነው። ግን ፍርሃት ሥራ የምትለዋን ቃል ዋጠብኝና «አና ኸላስ» ብዬ አረፍኩት።

እኔ አለቀልኝ።

«መሪዳ?» አለች፤ ታመሻል ወይ ማለቷ ነው። መልሴን አልጠበቀችም። መስኮቱ ተዘጋ፣ ጥሩምባው ተነፋ፣ አራቱ ትምህርት ቤቶች ተቋረጡ፣ ባባ በሌሊት ልብሱ ወረደ። እሷ ከመኪናው ውስጥ በመስታወት በኩል እኔን እያሳየች ትጮኻለች፤ እንደሚገባኝ የምትለው «ይቅርታ ጠየቀችኝ! አመሰገነችኝ!» ነው። ባባም ይህን ሲሰማ ወደ ኋላ ሸሸ። ያን ያህል ጊዜ አብረን ኖረን ምስጋናዬ የሞት ምልክት ሆኖ ታያቸው። እርግጥ እኔም አመስግኛት አላውቅም፤ እሷም ብትሆን አላመሰገነችኝም። ግን ጉንፋን እንኳ የለብኝም እኮ!

ባባ ሁለት ማስክ ደርቦ ጤና ጣቢያ ወሰደኝ። በዚያ ሙቀት አራቱም መስኮቶች ተከፍተው፣ እኔ ከኋላ ጥግ ተለጥፌ። «ባባ፣ አልታመምኩም፣ ሥራ ልለቅ ፈልጌ ነው» አልኩት። «እሺ፣ እሺ፣ አትናገሪ፣ አትተንፍሺ» አለኝ። አፍንጫዬ ውስጥ ያን ረጅም እንጨት ከተው እስኪያስነጥሰኝ ቆፈሩኝ፤ ውጤቱ እስኪመጣ ሰገነት ላይ ያለው ክፍሌ ውስጥ ተቆለፈብኝ። ሥራ ለመልቀቅ ሄጄ ጭራሽ ከክፍሌም እንዳልወጣ ተከለከልኩ ማለት ነው። ክራባታሙ ሰውዬ ይህን የትኛው ክፍል ላይ ነው ያስተማረው?

ሰብለ ስነግራት መሳቅ ጀምራ ማቆም አቃታት። እኔ ግን ተኛሁ። እውነቴን ነው፣ ኩዌት ከገባሁ ጀምሮ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም። ምግብ በሩ ላይ ይቀመጥልኛል፤ የማዳም ሩዝ መሆኑ ከማረሩ ያስታውቃል። መጀመሪያ ከታች «ዌን!» የሚለው ጥሪ እንደ ልማዱ ይሰማ ነበር። ቆይቶ የሚጠሩት ማዳምን ሆነ። ልጆቹ «ማማ! ማማ!» ይላሉ፤ ካልሲው ግን የተገኘ አይመስለኝም።

ውጤቱ ነጻ መሆኔን ተናገረና ወረድኩ። ማዳምን ያገኘኋት ወጥ ቤት፣ ማጠቢያው ፊት ነው። እጆቿ ከበረኪናው የተነሳ ቀልተው ተሰነጣጥቀዋል። እኔን ስታይ ፊቷ በራ፤ ድስቱን ልታቀብለኝ እጇን ዘረጋች። አልተቀበልኩም። ምስጋናም ረሳሁ፣ ፈገግታም ረሳሁ።

«ማዳም፣ አልታመምኩም። ይህን ሥራ አልወደውም። መልቀቅ እፈልጋለሁ።»

ዐረብኛ «እርስዎ» የሚባል ነገር አለማወቁ ጠቀመኝ፤ በአማርኛ ቢሆን ድፍረቱ ከየት ይመጣል?

እንደጠበቅኩት ተቆጣች። ምን ጎደለብሽ? አልበላሽም? አልጠጣሽም? እንደ ልጄ አልያዝኩሽም?

«ልጆችሽ ይወጣሉ» አልኳት። «እኔ መንገድ ካየሁ ስንት ጊዜ ሆነኝ? ቤተ ክርስቲያን ከሳምኩ ስንት ጊዜ ሆነኝ? ሁሉም ወጥቶ ሲገባ በሽታው እኔን ብቻ ነው የሚጠብቀው?»

ድስቱን አስቀመጠች። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ማልቀስ ጀመረች። አባቷ በሽታው እንደገባ ሰሞን ነው የሞቱት። እሳቸውን ለመሳም ቀርቶ ለማየት እንኳ አልተፈቀደላትም፤ ሙሉ ልብስ የለበሱ ሰዎች ወስደው ቀበሯቸው። ይህን አውቃለሁ፤ ያን ቀን ውኃ ያቀበልኳት እኔ ነኝ። «ፈራሁ» አለች። «በር ሲከፈት እፈራለሁ። ልጆቼን መከልከል አልቻልኩም። አንቺን መከልከል ግን እችል ነበር።»

«በቃ፣ አልሄድም» የሚለው ቃል ጥርሴ ላይ ደርሶ ነበር። እዚሁ ላይ ነው የተናደድኩት፤ በእሷ አይደለም፣ በራሴ። አንድ ሰው ስላለቀሰ ዓርቤን ልሰጥ ነው? ከጎኗ ተቀመጥኩ፣ ሶፍት አቀበልኳት፣ ሐሳቤን ግን አልለወጥኩም። «ሌላ ሰው ሲመጣ ትሄጃለሽ» አለችኝ በመጨረሻ። ዓርብ ዓርብም ቤተ ክርስቲያን መሄድ ጀመርኩ። ሌላ ሰው የሚመጣው ከየት እንደሆነ ግን አትጠይቁኝ፤ አየር ማረፊያው ገና ለሠራተኛ አልተከፈተም። የአሕመዲዋ ሴትዮ እየደወሉ «ምነው ቆየች?» ይላሉ፣ ሰብለ ትለማመጥልኛለች፣ እኔ ቲማቲም አጥባለሁ።

አንድ ቀን ታዲያ ማዳም ወጥ ቤት መጥታ በሩን ዘጋች። «ያን ያልሽኝን እንዴት ነበር ያልሽው?» አለችኝ።

የቱን?

«ሥራውን አልወደውም ያልሽውን።»

ለካ እሷም አለቃዋን፣ ሙዲራዋን፣ ማየት አትወድም! ሴትዮዋ በስክሪን ሆና ቀኑን ሙሉ ስሟን ትጠራለች አሉ። ምን እንደተሰማኝ ልነግራችሁ አልችልም። ለማንኛውም አስተማርኳት። መጀመሪያ ምስጋና አልኳት። «ስለ ምኑ ላመስግናት?» አለች። አይ ማዳም፣ እኔስ ስለ ምኑ ያመሰገንኩሽ ይመስልሻል? አላልኳትም፤ ግን አሰብኩት። ቅሬታ አታንሺ፣ ፈገግ በይ አልኳት። ስክሪኑ ፊት ተቀምጣ ሁሉንም በትክክል አደረገችው፤ እኔ ከበሩ ጀርባ ሳህን ይዤ ሰማሁ።

ሙዲራዋ አመሰገነች፣ መልካም ዕድል ተመኘች፣ መልቀቋን ተቀበለች። ሻይ ለመጨረስ እንኳ የሚበቃ ጊዜ አልፈጀም።

ማዳም በንዴት ተቃጥላ ወጣች። «ለምን ብላ እንኳ አልጠየቀችኝም!» አለች። «ቆይ እንኳ አላለችኝም!» እኔም ሳህኑን እየወለወልኩ እውነት አዘንኩላት። ከእኔ በኋላ ሥራ ለቅቃ ከእኔ በፊት ተሰናበተች፤ ግን እኔ ስለቅ እኮ ቢያንስ ጤና ጣቢያ ተወስጃለሁ።

ከዚያ ወዲያ ማዳም ቀኑን ሙሉ ቤት ዋለች። ሁለታችንም አንድ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ሁለታችንም አንድ ድስት ላይ፤ እኔ ጨው ስጨምር እሷ ትቀንሳለች። ባባ ይህን ሲያይ ከረመና አንድ ጠዋት ተናዙሉን ፈረመልኝ። «አንዳችሁ መሄድ አለባችሁ» አለ፤ «እሷን ደግሞ የሚወስዳት የለም።»

አሕመዲ ድረስ የነዳችኝ ማዳም እራሷ ናት። ሻንጣዬ ከኋላ፣ እኔ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፊት ተቀምጬ። በዚያ መንገድ ላይ ሁለታችንም ሥራ የሌለን ሴቶች ነበርን፤ ደስ ሲል! የአሮጊቷ ቤት በር ላይ ስትደርስ ሞተሩን ሳታጠፋ ቆመች። ግቢው ጸጥ ያለ ነው፣ ዛፍ አለው፣ ማንም ማንንም አይጣራም። ረጅም ጊዜ አየችው።

«ሴትዮዋ ሁለት ሰው ይፈልጉ ይሆን?» አለች።

የቀለደች መስሎኝ ዞር ስል ፊቷ ላይ ሳቅ የለም። ሻንጣዬን አወረድኩ፣ ማስኬን አስተካከልኩ፣ በተማርኩት ሙያዊ ሥነ ምግባር መስኮቱ ላይ ጎንበስ አልኩላት።

«ማዳም፣ ስላሳየሽው ፍላጎት እናመሰግናለን። ክፍት ቦታ ሲኖር እንደውልልሻለን።»