አንድም መስመር የማይዘለልባቸው ሰው

ሰው ሁሉ አታላይ ነው ብሎ የሚያምን አንድ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። እንቁላል ሲገዛ አንድ በአንድ እያነሣ በፀሐይ የሚያየው፣ አንዱ ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት ለሌላው ሐኪም ወስዶ የሚያሳየው፣ «ደህና ነህ ወይ?» ሲሉት «ምን ሰማህ?» ብሎ የሚመልሰው እሱ ነው። ታውቁታላችሁ። ምናልባትም አብራችሁት ትኖራላችሁ።

የዚህ ወገን አለቃ፣ ሊቀ ጠርጣሪያን ጋሽ አራሚ ግን ከሌሎቹ ይለያሉ። ዕቃ ቢጠፋባቸው ግድ የላቸውም። እሳቸው የሚያድኑት የመስመር ሌባ ነው። መጽሐፍ የሚያነብላቸው ሰው አንዲት ዓረፍተ ነገር ዘሎ ቢያልፍ ከወንበራቸው ቀና ብለው «ዘለልህ!» ይላሉ። «እኔን አትሸውደኝም።» ባይዘልም ይላሉ።

ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በማተሚያ ቤት አራሚ ነበሩ። ሥራቸው ፊደል ለቃሚው የገደፈውንና የዘለለውን ማደን ስለነበር፣ ጥርጣሬ ለሳቸው ጠባይ ብቻ ሳይሆን መተዳደሪያም ነበር። ቀን ለደመወዝ ያነበቡት ሳይበቃቸው ቤት ገብተው ደግሞ ለነፍሳቸው ያነባሉ። ሟች ባለቤታቸው «እኔ ያገባሁት ጀርባውን ነው፤ ፊቱንማ መጽሐፍ ወስዶታል» ይሉ ነበር። ኋላ የዓይን ግፊት መጣና መጀመሪያ ዳር ዳሩን፣ ቀጥሎ መሐሉን፣ በመጨረሻም ሁሉንም ወሰደባቸው። ሐኪሙ በጊዜው ብዙ ነገር አስረድቷቸዋል። እስከ ዛሬ ግን «አንድ ነገር ዘሎብኛል» ይላሉ።

እውነት ለመናገር፣ ሰዉም ለጥርጣሬያቸው ምክንያት አልነፈጋቸውም። መንገድ ዳር ቆመው ልጃቸውን ሲጠብቁ አንዱ ደግ ሰው ክንዳቸውን አፈፍ አድርጎ፣ ሊሻገሩ ያላሰቡትን አስፋልት አሻግሮ ጥሏቸው ይሄዳል። ካፌ ሲገቡ አስተናጋጁ ወደ ልጃቸው ዞሮ «ሰውዬው ምን ይጠጣሉ?» ይላታል። «ሰውዬው እዚሁ ናቸው፤ ልጠይቅልህ?» ይላሉ እሳቸው። ከሁሉ የሚብስባቸው ግን እጃቸውን ጨብጦ ይዞ «እስቲ ማን ነኝ?» የሚለው ነው። «አንተ ራስህን ካላወቅኸው እኔ በምን ልወቅልህ?» ብለው እጃቸውን ይነጥቃሉ።

ይህን ሁሉ ይችሉታል። የማይችሉት ያለ መጽሐፍ መዋልን ነው። ልጃቸው ብሬይል ይማሩ ብላ ብትለምናቸው «በዚህ ዕድሜ ጣቶቼ አንደኛ ክፍል ገብተው መቼ ሊመረቁ?» አሏት። ስልኩ ያነብልሃል ብትላቸው አንድ ምዕራፍ ሰምተው መለሱላት። «ይህቺ ሴትዮ ሰው ሲሞትም ሰው ሲዳርም ድምፅዋ አንድ ነው። አላምናትም።» ስለዚህ የቀረው ሰው ነው። ሰው ደግሞ ይዘላል።

መጀመሪያ የተያዘው አማቻቸው ነው። አማቻቸው ቸኩሎ የተወለደ ሰው ነው፤ የአየር ጠባይና የመልክዓ ምድር ነገር ሲመጣ በሁለት እግሩ ይዘላል። አንድ ቀን «ሰውየው ገብቶ ዣንጥላውን አጠፈ» ብሎ ሲያነብ ጋሽ አራሚ እጃቸውን አነሡ። «ዣንጥላው ከየት መጣ? በዚህ መጽሐፍ ውስጥ እስካሁን ጠብ ያለ ዝናብ የለም።» ወደ ኋላ ተመልሶ ቢታይ ዝናቡ ሁለት ገጽ ሙሉ ዘንቧል። አማቻቸው ከዚያ በኋላ ሥራ በዛበት።

ቀጥሎ ጎረቤታቸው ጡረተኛው መምህር መጡ። መምህሩ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ፍቅረኞቹ ለብቻቸው በቀሩ ቁጥር ሳል ይይዛቸዋል። አንዴ «እህህ» አሉና በቀጣዩ መስመር ልጅቷ አራስ ሆና ተገኘች። «መምህር፣ ሳልዎ ልጅ ወለደ» አሏቸው ጋሽ አራሚ። መምህሩም ተቀየሙ።

የገዛ ልጃቸው የምትዘልለው ግን በፍቅር ነው። አባቷን የሚያሳዝን ነገር ሲመጣ፣ በተለይም በታሪኩ ውስጥ ዓይነ ስውር ሲገባ፣ ልቧ እሺ አይላትም። አንድ ምሽት በንባቧ ውስጥ አንዲት ነጭ በትር ባለቤት ሳይኖራት መንገድ ተሻገረች። ጋሽ አራሚ ያን ቀን «ዘለልሽ» አላሉም። «በቃሽ፣ ደክሞሻል» ብለው አስቆሟት። በማግሥቱ ግን ሌላ አንባቢ ፈልጊልኝ አሏት።

ያን ጊዜ ነው ከፎቁ ሥር የውበት ሳሎን ያላት ፀጉር ሠሪ የመጣችው። ሰኞ ሳሎኗን ስለማትከፍት ሰኞ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ደረጃውን ትወጣለች፤ ገና በሩ ጋ ሳትደርስ የፀጉር ቀለሙ ሽታ ይቀድማታል። ምንም አትዘልም። ገና በመጀመሪያው ቀን ከሽፋኑ ጀምራ የማተሚያ ቤቱን የፖስታ ሣጥን ቁጥር ሳይቀር አነበበችላቸው። ይህ ጋሽ አራሚን ይበልጥ አስጠረጠራቸው። እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው የሆነ ነገር የሚሸፍን ነው።

«ዘለልሽ።»

«አልዘለልኩም፣ ጋሼ።»

«ድገሚው።»

ደገመችው። ቃል በቃል ያው ነው።

«ይኸው። መጀመሪያ ዘለሽው ነበር» አሉ።

አንድ ሰኞ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ጋሼ፣ እኔ ሳምንቱን ሙሉ ቆሜ የሰው ፀጉር ስተኩስ ነው የምውለው። ያለችኝን አንዲት ዕረፍት የምሰጥዎት ሌባ ልባል ነው?» አለችና ወጣች። ልጃቸው ወርዳ ለምና መለሰቻት። ተመልሳም ለአባቷ «አባዬ፣ ይቺንም ካባረርካት እኔ ሌላ ሰው አላመጣም። ልመናው በቃኝ» አለች። የቀልድ ድምፅ አልነበረም። ጋሽ አራሚ ፈሩ፤ የቀራቸው አንባቢ እሷ ብቻ ናት።

ያስፈራቸው አንድ ሌላ ነገርም ነበር። ዓይናቸው ሊጠፋ ሲል በአጉሊ መነጽር ይዘውት የነበረ አንድ የቆየ ልብ ወለድ አለ፤ በአባታቸው ቤት ውርስ ተጣልተው የተለያዩ የሁለት ወንድማማቾች ታሪክ። ታላቅየው ከብዙ ዓመት በኋላ ታናሹን ፍለጋ አውቶቡስ የተሳፈረበት ጋ ሲደርሱ ፊደሉ ጠፋባቸው። መጽሐፉ የውሰት ነበርና ተመለሰ፤ ዳግመኛም አልታተመም። ከዚያ ወዲህ ራት ላይ እንኳን ሳይቀር ድንገት «ታላቅየው ደርሶ ይሆን?» ይላሉ። በቅርቡ ልጃቸው አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጥ ሰው ዘንድ አንድ ቅጂ አገኘች። ያው ፀጉር ሠሪዋ እያነበበችላቸው ያለችው እሱን ነው።

የመጨረሻው ምዕራፍ በደረሰበት ሰኞ ከኮሪደሩ ሹክሹክታ ሰሙ።

«ንገሪው» ይላል የልጃቸው ድምፅ።

«እኔ አልችልም» ይላል የፀጉር ሠሪዋ።

ጋሽ አራሚ ጆሯቸውን አቆሙ። ተመካከሩብኝ አሉ በልባቸው፤ የሆነ ነገር ሊዘልሉ ነው። ፀጉር ሠሪዋ ገብታ ተቀመጠችና ማንበብ ጀመረች። አውቶቡሱ ደረሰ። ታላቅየው እየጠየቀ ቤቱን አገኘ። በሩ ፊት ቆሞ ሊያንኳኳ እጁን አነሣ።

እዚህ ላይ ገጽ ገለጠች። ገጹ ተመልሶ ሲገለጥ ሰሙት። ጉሮሮዋን ጠረገችና ቀጠለች። በሩን የታናሹ ሚስት ከፈተች፤ ፀጉሯን ታጥባ በቢጎዲን ጠቅልላው ነበር። ፀጉሯም ከሥሩ ጠንካራ፣ ጫፉ ግን ትንሽ የተሰባበረ ነበር። ጋሽ አራሚ ቅንድባቸው ተነሣ። ይህ ደራሲ መጽሐፉን ሙሉ የማንንም ፀጉር አይቶ አያውቅም። እሷ ግን ቀጠለች፤ ወንድማማቾቹ ተቃቀፉ፣ ተላቀሱ፣ ታረቁ። ድምፅዋ መጨረሻው ላይ ተሰበረና «አለቀ» አለች።

እንደ ወጣች መጽሐፉን ከጠረጴዛው አንሥተው መጨረሻውን በጣታቸው ፈለጉ። ከኋለኛው ሽፋን በፊት፣ ወረቀት ሊኖር በሚገባው ቦታ፣ የተቀደዱ ገጾች ቁራጭ ከስፌቱ ጋር ቀርቷል። ደጋግመው ዳሰሱት።

ዕድሜ ልካቸውን ሲጠረጥሩ ይህን የመሰለ ማስረጃ እጃቸው ገብቶ አያውቅም። መጀመሪያ ተናደዱ። ቀጥሎ እውነተኛውን መጨረሻ መቼም እንደማያገኙት ገባቸውና ከፋቸው፤ በጣም ከፋቸው። ብዙ ቆይተው ነው ሌላው ነገር የታያቸው። እስካሁን ያነበበላቸው ሁሉ ከመጽሐፉ ቀንሶባቸዋል። ይህቺ ግን ቆሞ መዋል ያሳበጠውን እግሯን ይዛ ደረጃ ወጥታ፣ ከየት እንዳመጣችው የማይታወቅ ዕርቅ ከራሷ ጨመረችላቸው። በዚያ ላይ ሌባ ያሏት ሴት ናት።

«አለቀ፣ አባዬ?» አለች ልጃቸው ከበሩ።

«አለቀ።»

«ዘለለች?»

«አንዲትም አልዘለለች።»

ልጃቸው ይህን ቃል ከአባቷ አፍ ሰምታ ስለማታውቅ፣ ያተኮሳቸው መስሏት ግንባራቸውን ዳሰሰች።

በሚቀጥለው ሰኞ ፀጉር ሠሪዋ እንደ ወትሮዋ ተደላድላ አልተቀመጠችም፤ ከወንበሩ ድምፅ ጫፉ ላይ መሆኗን አወቁ።

«ጋሼ፣ ሳልነግርዎት የቀረሁት ነገር አለ» አለች። «ያ መጽሐፍ…»

«ቆይ። መጀመሪያ መጨረሻውን ድገሚልኝ። በሩ ጋ ከደረሰበት።»

መጽሐፉን ስትከፍተው ሰሙ። ታላቅየው በሩን አንኳኳ። «ማነው?» አለ ታናሹ ከውስጥ። «እኔ ነኝ» አለ ታላቁ። ታናሹ ስም አልጠየቀም፤ በድምፁ ለየው። በሩ ተከፈተ፤ ታላቅየው ከዝናቡ ገብቶ ዣንጥላውን አጠፈ።

«ዣንጥላ?» አሉ ጋሽ አራሚ ቀና ብለው።

ንባቡ ቆመ።

«ባለፈው ሰኞ ዣንጥላ አልነበረውም» አሉ። «ዘለሽው ነበር።»

መጽሐፉ ጭኗ ላይ ሲያርፍ ሰሙ።

«አዎ፣ ጋሼ» አለች ፀጉር ሠሪዋ ቀስ ብላ። «ዘልዬው ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«አውቄዋለሁ። እኔን አትሸውጂኝም» አሉና ወንበራቸውን ወደሷ አስጠጉ። «በይ ቀጥዪ። ከዚያስ ምን ሆኑ?»