የማን ጾም ነው?

ሃምሳ ዓመት ሲሞላት ከእህል ጋር በሰዓት የምትቀጣጠር ሴት እናንተ ሰፈር የለችም? እኛ ቱሉ ዲምቱ አለች፤ ጎረቤቴ አስካለ። ካረጠች ወዲህ ሆዷ ላይ የሰፈረው ስብ «በእንግድነት ገብቶ ባለቤት ሆነ» ትላለች። ስለዚህ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በፊት አትበላም፤ ከምሽቱ አሥራ ሁለት በኋላም አፏን ትዘጋለች። ለወሬ ግን አትዘጋውም።

ይሁን እንበል። ግን በፋሲካ ማግስት፣ ጾም በሌለበት በሃምሳው ቀን፣ ከፋብሪካ ጡረታ የወጡት እትዬ ብርቄ በጠዋት ዶሮ ወጥ ይዘውላት ቢገቡ «ጾም ነኝ» ይባላል?

እትዬ ብርቄ ሰሃናቸውን እንደያዙ በቀጥታ ወደ ወሎዬዋ ዘሀራ ሱቅ ወረዱ። እኔም እዚያው ነበርኩ።

«ዘሀራ፣ እናንተ ጋ አሁን ጾም አለ እንዴ?»

«ኧረ እትዬ፣ ረመዳን ካለፈ ቆየ!»

«ታዲያ ይቺ አስካለ የማንን ጾም ነው የያዘችው?»

ሦስታችንም ተከታትለን ወደ አስካለ ቤት ወጣን። አስካለ «ለውፍረቱ እኮ ነው» ብላ አስረዳችን።

እትዬ ብርቄ ሰሃናቸውን ከፍተው ተቀመጡ። ድሮ አቃቂ፣ እሳቸውና እናቴ ፋብሪካ ሲሠሩ፣ «ወፈርሽ!» ምርቃት ነበር። ከዓመት ፈቃድ የተመለሰች ሴት የፋብሪካው በር ላይ እንዲያ ካልተባለች ታኮርፍ ነበር። እናቴማ ያቺን ቃል የሰማች ቀን እየዘፈነች ነበር ቤት የምትገባው።

«እስቲ አንድ ጊዜ ‹ወፈሩ› በሉኝ» አሉ እትዬ ብርቄ፣ በከሳ እጃቸው ጉርሻ እየጠቀለሉ። «ከሰማሁት ቆየሁ።»

አስካለ የግድግዳውን ሰዓት አየች።

«ወፈሩ፣ እትዬ» አለችና አፏን ከፈተች።

ገና አራት ሰዓት ነበር።