የወይዘሮ ገላነሽ «በሞቴ»

በየክርስትናውና በየልደቱ አንዲት «በሞቴ» ባይ አትጠፋም። ይህች ሴት «ጠግቤአለሁ» የሚለውን ቃል እንደ ትሕትና እንጂ እንደ መረጃ ተቀብላው አታውቅም። ሰሃንዎን በእጅዎ ቢከልሉ በጣቶችዎ መካከል አሾልካ ትጨምራለች። ከዚህ ወገን ዋነኛዋ ተከሳሽ፣ ክብርት ወይዘሮ ገላነሽ፣ በፍራንክፈርት ጊንሃይም ነዋሪ ናቸው። ክሴ በማስረጃ የተደገፈ ነው።

እኔን፣ ስኳር ያለብኝን ጡረተኛ የሕግ ባለሙያ፣ በአደባባይ አጥቅተውኛል።

«ጋሽ ዓምዴ፣ በሞቴ! ይቺን ብቻ!»

«ሐኪም ከልክሎኛል።»

«ሐኪሙ እዚህ አለ እንዴ?»

በኡባን፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ደግሞ ትኬት ሊቆጣጠር የመጣን ሰው ድፎ ዳቦ አስይዘው ሸኝተውታል።

ከባዱ ክስ ግን ገና ነው። ወይዘሮ ገላነሽ በልጅነታቸው ያላገኙትን ትምህርት በጉልምስና ጀመሩ። የሳምንቱን እኩሌታ ማንበብና መጻፍ ይማራሉ፤ በተቀረው በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ምግብ እያቀረቡ ፕራክቲኩም ይሠራሉ። ልምምዱ ካማረ ቤቱ ይቀጥራቸዋል፤ ካላማረ ጉልበታቸውን ወደ ጨረሰው የቢሮ ጽዳት ይመለሳሉ።

አንድ ቀን ሄር ቮልፍ የተባሉ አዛውንት ሾርባ አልፈልግም አሉ። ወይዘሮ ገላነሽም «በሞቴ»ን ወደ ጀርመንኛ መለሱት። ይሁን እንጂ በትምህርት ቤት ለታላቅ ሰው የሚገባው «ኢር»፣ ማለትም «የእርስዎ»፣ መሆኑን ተምረው ነበርና፣ አክብሮት እንዳይጎድል «ባይ ኢረም ቶድ!» አሉ። «ይብሉ፣ በሞትዎ!» መሆኑ ነው። በመጦሪያ ቤት፣ በምሳ ገበታ ላይ።

የመጦሪያ ቤቱ ኃላፊ ዛቻ ነው ብላ ከሥራ አገደቻቸውና እኔን ለአስተርጓሚነት ጠራችኝ።

«ምን ነካዎት?» አልኋቸው።

«ታዲያ ሽማግሌውን ‹አንተ› ልበላቸው?»

«የጠሩት እኮ የሳቸውን ሞት ነው!»

ፊታቸው አመድ መሰለ። «ውይ በስማም! እኔ የማስይዘው የራሴን ነው! ይንገሯት ጋሼ፣ በሞቴ!»

ነገርኋት። ወንጀሉ የአንዲት አገናዛቢ ተውላጠ ስም መሳት ብቻ መሆኑን አንቀጽ በአንቀጽ አስረዳሁ። ኃላፊዋ ፊቷን አልፈታችም፤ ተበዳዩ ራሳቸው ይምጡ አለች። ሄር ቮልፍ በተሽከርካሪ ወንበር ገቡ።

«እዚህ ቤት ሁሉም የሚያወራኝ ስለ አየሩ ነው» አሉ። «ሞቴን በስሙ ጠርታ ሾርባ ያቀረበችልኝ እሷ ብቻ ናት። እኔም ጨረስኩት። ዛሬ ደግሞ የት ደበቃችኋት?»

ኃላፊዋ ሳቋ አመለጣት። ወይዘሮ ገላነሽ ልምምዳቸውን ጨርሰው እዚያው ተቀጠሩ፤ ግዴታው አንድ ብቻ ነበር፦ ያችን ቃል እኔ ላስተካክልላቸው።

ኃላፊዋ እየደወለች «አስተካከሉላት?» ትለኛለች። በሰዋስው ጉዳይ ለወንድሜ እንኳ ምሕረት የሌለኝ እኔ፣ «ቴርሚን የለኝም፣ ቀጠሮዬ ሞልቷል» እላታለሁ።