አንድ ቀን ምን ያደርጋል?

የሰው ጥንቃቄ የሚያበሳጨው ጓደኛ አላችሁ? ክፉ እንዳይመስላችሁ፤ ሳቂታና ተጫዋች ነው። አጠገቡ ያለው ሰው ጨው ሲቀንስ ካየ ግን ዕረፍት ያጣል። መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ አንዱን በደንብ አውቀዋለሁ፤ እኔ ነኝ።

የሥራ ባልደረባዬ ሰይድ ደም ግፊት እንዳለበት ሐኪም ነገረው። ጨውና ጮማ ቀነሰ፤ ቢሮም በእግሩ ይመጣ ጀመር። እኛ ይህን እንደ ክህደት ቆጠርነው። ምሳ ላይ ጎመኑን አይቼ፣ «ሰይዶ፣ በሬው ቀናብህ እኮ!» አልኩት። ሁሉም ሳቀ። ጥብሱን ወደ እሱ አስጠጋሁለት።

«ሐኪሙ ከልክሎኛል» አለ።

«አንድ ቀን ምን ያደርጋል? ወላሂ አትሞትም!»

በማግስቱም ይህንኑ አልኩት። በሳምንቱ ግን መለመን አላስፈለገኝም፤ እሱ ራሱ ጥብስ ማዘዝ ጀመረ።

ዓመት ሳይሞላው ግማሽ አካሉ አልታዘዝ አለው፤ አንደበቱም ተያዘ። ልጠይቀው ቤቱ ሄድኩ። ባለቤቱ ዘይነባ አጥሚት በማንኪያ እየሰጠችው ቀና አለች።

«ቤትማ ጨው አላስነካውም ነበር፣ ወንድሜ። ሐኪሙ የከለከለውን ለእናንተ አልነገራችሁም?»

«ኧረ አልነገረንም» አልኩ። «ብናውቅማ ዝም እንለው ነበር?»

ሰይድ ሁሉንም ይሰማል። አፉን ከፈተ፤ ድምፅ ግን አልወጣውም።