ጋራዥ የማይገቡት አቶ ቢተው

በየሰፈሩ ጋራዥ የሚባል ነገር የሚያንገሸግሸው አንድ ሰው አለ። ከሌለ ያ ሰፈር ገና አልተመሠረተም። ይህ ሰው መኪናውን ለባለሙያ ከሚያሳይ ጥርሱን በገዛ ፒንሳው ቢነቅል ይቀለዋል። በሌላ ከተማ ምን እንደሚሉት አላውቅም። በደብረ ማርቆስ፣ በእኛ ሰፈር፣ አቶ ቢተው ይባላል።

ክቡር ሊቀ ካቻቢቴ አቶ ቢተው የመኪና ሙያ አልተማሩም። ሠላሳ አንድ ዓመት ከብት ሲያክሙ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አሮጌ ነጭ መኪናቸውንም የሚያክሟት እንደ ላም ነው። ጠዋት ጠዋት ኮፈኗን ከፍተው ያዳምጣሉ፣ ያሸታሉ፣ ከዚያ መዳፋቸውን ጎኗ ላይ አሳርፈው "ዛሬ ሆዷ አልተመቻትም" ይላሉ። መካኒክ ይያት የሚላቸውን ሁሉ የሚመልሱት በአንድ ጥያቄ ነው፦ "እጅ የተሰጠን ለማጨብጨብ ብቻ ነው እንዴ?"

ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ መንገድ ዳር አስቀምጧቸዋል። አምና የሞተሩን ትኩስ ውሃ ወደ መኪናዋ ማሞቂያ የሚወስደው ቱቦ ቢያፈስባቸው፣ የጓሮ ጎመን የሚያጠጡበትን ፕላስቲክ ቆርጠው ገጠሙበት። ደጀን ሳይደርሱ እንደ ሰም ቀለጠ። የጭነት መኪና ሾፌሮች ከበው ሲስቁባቸው "ሙከራ ነው" አሉ። አንዱ መካኒክ ደግሞ "ማሞቂያውን ዘግተው አይገላገሉም?" ቢላቸው ሦስት ወር ሰላምታ ነሱት። "የላም ጡት ቢቆስል ጡቷን ቆርጠህ ትጥላለህ?" አሉት። ከዚያ በኋላ አሮጌውን ቱቦ ጠግነው መለሱት፤ ሙቀት የሚችል ደህና ጎማ ቱቦም ለክፉ ቀን ገዝተው አልጋ ሥር አስቀመጡ። ባለቤታቸው እትዬ የብርጓል ስትጠርግ እግሯን በጠለፋት ቁጥር ሁለቱንም ትረግማለች፤ ቱቦውንም፣ ሰውዬውንም።

ባለፈው ጥር አንድ እሑድ ግን የእሳቸው ጉዳይ የእኔም ሆነ።

ያሳደግሁት የእህቴ ልጅ ደመላሽ ሉማሜ ላይ ሃኒ የምትባል ልጅ ወዷል። ሽማግሌ ሆነን የምንሄደው መሪጌታ ዘማርያም፣ አቶ ቢተውና እኔ ነን። ቀጠሮው አምስት ሰዓት ነው። የልጅቷ አባት አቶ ፈንታ በቀጠሮ አይቀልዱም፤ ከእኛ በፊት የሄዱ ሽማግሌዎችን ግማሽ ሰዓት አርፍዳችኋል ብለው ከደጅ መልሰዋል።

አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አቶ ቢተው መኪናዋን ለማሟሟቅ አስነሱ። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ወጣ። አረንጓዴ ውሃ መሬቱን አራሰው።

"ያው ቱቦ ነው" አሉ፣ ዘመድ የመጣ ይመስል።

"ሚኒባስ እንያዝ" አልሁ።

"በእሑድ? እስኪሞላ እዚያው ትሸመግላለህ።" እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

እትዬ የብርጓል ከቤት ብቅ አለች። "ቢተው! ሰንበት ነው እኮ! ብረት ልትነካ ነው?"

ሁላችንም ከቅዳሴ ወደ ተመለሱት መሪጌታ ዞርን። መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው አሰቡ። "በሬ ጉድጓድ ቢገባ በሰንበትም ይወጣል፤ በወንጌል ተጽፏል።"

"ይቺ በሬ ናት?"

"አንቺ፣ ለባልሽ ከበሬም በላይ ናት።"

ፍርዱ በዚሁ ጸና።

ሊቀ ካቻቢቴ ግን ወዲያው አልጀመሩም። "ትኩሳቷ ሳይበርድ አትነካም" ብለው ተቀመጡ። እኔ ሰዓቴን አያለሁ፣ እሳቸው መኪናዋን ያያሉ። ስትበርድ ውሃዋን ወደ ሳፋ አፈሰሱ፤ የቱቦውን ማሰሪያ ቀለበቶች በካቻቢቴ ፈቱ። ቱቦው ግን ከአምና ጀምሮ ተጋግሮ አልላቀቅ አለ። ልጎትተው እጄን ሰደድሁ።

"ልቀቅ! ውስጡ ያለው ቧንቧ ስስ ነው። እሱ ከተሰበረ ሠርጉም ተሰበረ።"

ቱቦውን በስለት ቁልቁል ሰነጠቁት፤ እንደ ባቄላ ልጣጭ ተላጠ። ከአልጋ ሥር ያወጡትን አዲሱን ከአሮጌው ለክተው ቆረጡ፣ ጫፉን በውሃ አርሰው እያዞሩ በሁለቱም በኩል ገፉት። ላባቸውን ጠርገው ቀና አሉ። "አለቀ።"

መሪጌታ እጃቸውን ዘረጉ። ጣታቸው ላይ አንድ የማሰሪያ ቀለበት ተሰክቷል። "ይህ ለሙሽራዋ ነው?"

ቀለበቱ ቱቦው ሳይገጠም በፊት መግባት ነበረበት። አቶ ቢተው ቀለበቱን ተቀበሉና የገጠሙትን መልሰው ነቀሉ። ቀለበቱን አስቀድመው አስገብተው እንደገና ገጠሙት፣ አጠበቁትም።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ውሃ ሞልተው፣ ሞተሩን አስነስተው፣ አየሩ እስኪወጣ ጠብቀው በእጃቸው ቱቦውን ዳበሱ። ጠብታ የለም። አምበር ከተማን ስናልፍ የሙቀት መርፌዋ ከመሃል ንቅንቅ አላለችም። አቶ ቢተው ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈቱት። ሦስታችንም በጋቢ እንደተጠቀለልን ላብ በላብ ሆንን፤ "ይዝጉት" ለማለት የደፈረ ግን የለም።

ለአምስት ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀረው ደረስን። እንደ ወጉ ቆመን "ለጉዳይ ነው የመጣነው" አልን። አቶ ፈንታ አላዩንም፤ የአቶ ቢተውን እጅ ነው የሚያዩት። እስከ ክርኑ ጠቁሯል፤ ጋቢያቸውም አረንጓዴ ጠጥቷል።

"ይህ ምንድን ነው? በሰንበት ሥራ ኖሯል?"

በቃ፣ ደመላሽ ሚስት አጣ አልሁ በልቤ። መሪጌታ በሬያቸውን ሊያወጡ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አቶ ቢተው ቀደሟቸው።

"አዎ፣ ሠርቻለሁ። መኪናዋ ውሃ ስታፈስ ጊዜ ቱቦ ቀየርሁ። አንድ ጊዜ ተሳስቼ ነቅዬ እንደገና ገጠምሁት። ከቀጠሮዎ መቅረት ከበደኝ። ኃጢአቱ የእኔ ነው፤ ልጁን አይመለከትም።"

አቶ ፈንታ ዓይናቸውን ከእጁ ወደ አቶ ቢተው ፊት አነሱ።

"በፊት የመጡት ሰዎች መንገድ ተበላሸ፣ ሰው ታመመ፣ ሰዓት ተዛባ እያሉ አደከሙኝ" አሉ በመጨረሻ። "እኔ ድህነት አልፈራም። ምክንያት የሚያበዛ ዘመድ ነው የምፈራው። አንተ ልጅ፣ ለሰውዬው ውሃና ሳሙና አምጣ። እናንተም ተቀመጡ።"

ሽማግሌ ተቀመጥ ከተባለ ልጅቷ ግማሽ መንገድ መጥታለች ማለት ነው።

አቶ ቢተው እጃቸውን ሊታጠቡ ወጡ። አቶ ፈንታ በመስኮት እያዩአቸው ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። "ለመሆኑ እኚህ ሰው ለልጁ ምኑ ናቸው?"

መልሱ ጎረቤት ነው። ሃያ ዓመት በሰዓቱ ያላስተኛኝ፣ መዶሻውን ግድግዳዬ ላይ የሚሞክር ጎረቤት።

"ታላቅ ወንድሜ ናቸው" አልሁ።

መሪጌታ ሰንበት መሆኑን እያወቁ አላረሙኝም።