የውዳቂው አዳራሽ

ተረት ተረት! «የተጣለ ንብረት» በሉኝና ልጀምር።

ከአንድ ከተማ ግርጌ ባለ ጫካ እመት ጃርት የምትባል የአራት ልጆች እናት ነበረች። ጎርፍ ጉድጓዷን ቢደፍንባት፣ ሰዎች የሚጥሉትን ዕቃ መልቀም ያዘች። ያረጀ ጎማ ደረደረችና ሆዱን አፈር ጠቀጠቀችበት፤ ግድግዳ ሆነ። ጠርሙስ በጭቃ መሃል ሰካች፤ መስኮት ሆነ። የዘይት ቆርቆሮ ዘርግታ ጣራ አለበሰችው። የበርሜል ክዳን ደግሞ በር ሆናት።

እንስሳቱ አፍንጫቸውን ይዘው ያልፉ ነበር። ጥንብ ሲጎትት የሚያድረው የጫካው ሊቀመንበር አያ ጅቦ ሳይቀር «ሰፈሩን አገማችው» አለ። ወይ የአያ ጅቦ አፍንጫ!

አንድ ቀን ከባሕር ማዶ የመጣ ሽመላ ጣራዋ ላይ አረፈ። «ይህማ ጥበብ ነው! በኛ አገር ቢሆን ለማየት ይሰለፉለት ነበር» ብሎ በረረ።

ይህን ጊዜ ጫካው አበደ። ጉባኤ ተጠራ። ከውዳቂ ዕቃ ትልቅ አዳራሽ ይሠራ ተባለ። በዕድሜዋ አንዲት ጎጆ ሠርታ የማታውቀው ጦጢት የኮሚቴው ሰብሳቢ ሆነች። እመት ጃርትን የጠራት የለም።

ቆሻሻ ቦታ ወርዶ መልቀም ግን ለኮሚቴ አባል ነውር ሆነ።

«ምን አስጨነቃችሁ?» አለች ጦጢት። «ደህናውን እንስበረው። ሲሰበር ውዳቂ ይሆናል።»

እነሆ፣ ውሃ የሞላ እንስራ ተሰበረ፤ የእህል ጎታ ተከሰከሰ። ብዙ ለሰበረ የምስክር ወረቀት ተሰጠው። ጎማና በር ሲጎድላቸው ደግሞ ወደ እመት ጃርት ቤት ዘመቱ።

«አያ ጅቦ፣ በሞቴ!» አለች ጃርት። «ክረምቱ ደጅ ደርሷል። እነዚህን ልጆች የት ላድርጋቸው?»

«ለጫካችን ክብር ነው፤ ደግሞም ቤትሽ ፕላን የለውም» አለና አስፈረሰው። እሷም ልጆቿን ይዛ ቋጥኝ ሥር ተጠጋች።

ጎማው አፈር ካልተጠቀጠቀበት አይቆምም። ኮሚቴው ግን እጁን ማቆሸሽ ስላልወደደ ባዶውን ከምሮ ቀለም ቀባው። በምረቃው ዕለት አያ ጅቦ ንግግሩን ሳይጨርስ ዝናብ ወረደ፤ አዳራሹም ተንዶ ላያቸው ላይ ወደቀ። ነፍሳቸው ተረፈች፤ የሚጠጡበት እንስራ፣ የሚበሉት እህል ግን አልነበራቸውም።

አያ ጅቦ እያነከሰ ወደ ቋጥኙ መጣ። «እመት ጃርት፣ እባክሽ፣ አንቺ እጀ ወርቅ ነሽ። ከዚያ ስብርባሪ መጠለያ ሥሪልን።»

እመት ጃርት የራሰ ልጇን እያሻሸች ቀና ብላ አየችው።

«ጎማውን ለጣለ እኔ አነሣለት ነበር» አለችው። «ልቦናውን የጣለ ግን ራሱ ወርዶ ይልቀም።»