ስኳር ተሸክሜ አቀበት ስወጣ

ምክር የሰማ በሽተኛ ካልሰማው ቀድሞ ይሞታል። ይህን ከሰው ሰምቼ ሳይሆን ሞክሬ ነው የምነግራችሁ።

የስኳር በሽታ አለብኝ። የላሊበላዋ ነርስ ኪኒን ስትሰጠኝ ደጋግማ አስጠንቅቃኛለች። "ጋሼ፣ ጡንቻ እንደ ወፍጮ ነው። ሲሠራ ከደምዎ ስኳር እየወሰደ ይፈጫል፤ ኪኒኑም በበኩሉ ስኳሩን ያወርዳል። ኪኒን ውጠው፣ ሳይበሉ ሩቅ መንገድ እንዳይሄዱ። ከረሜላ ከኪስዎ አይለይ።"

ለስኳር በሽተኛ ከረሜላ... ለሰካራም አረቄ እንደ ማዘዝ አይደለም? በሆዴ ስቄባት ወጣሁ።

ሁዳዴ ገባ። አንድ ወዳጄ ልጁን ክርስትና እንዳነሳለት ለመነኝ። ጥምቀቱ ገነተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ነው፤ እስከዚያ እህል የቀመሰ ሰው ልጅ አያነሳም። ልጁ በተወለደ በአርባኛው ቀን ማለዳ የሕፃኑ አያት፣ አያ ደምሴ፣ ሊወስዱኝ መጡ። ኪኒኔን በባዶ ሆዴ ዋጥኩ። ሸማቾች ሱቅ ግማሽ ቀን ተሰልፌ ያገኘኋትን አንድ ኪሎ ስኳር ለአራሷ ብዬ ጀርባዬ ላይ አዘልኩና ተነሳን።

አያ ደምሴ ሰባ አልፏቸዋል። አቀበቱን ስለ በሬያቸው እያወሩ ይወጡታል።

"አያ ደምሴ፣ እህል ቀምሰዋል እንዴ?"

"በሁዳዴ? ምን ነካህ?"

"ታዲያ ጉልበቱን ከየት አመጡት?"

"ከትናንቱ ሽሮ።"

የእኔ ሽሮ ግን ከመንደር ሳንወጣ አልቋል። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀኝ። ቀጥሎ አንዱ መንገድ ሁለት ሆነብኝ። በመጨረሻ አንዱን የጽድ ዛፍ "መንገድ ልቀቅ" ብዬ ተቆጣሁት፤ እምቢ ሲለኝ ሥሩ ዘጭ አልኩ።

"ተነስ እንጂ፤ ልጁ ያለ ክርስትና አባት ሊቀር ነው" አሉ አያ ደምሴ።

"ነርሷ... ከረሜላ ያዝ ብላኝ ነበር።"

"የታለ?"

"አልያዝኩም።"

"ጀርባህ ላይ ያለውስ?"

"እሱማ የአራሷ ነው።"

ሽማግሌው ሰማዩን አዩ፤ ቀጥሎ እኔን አዩ። ከእኔ ይልቅ ሰማዩ ሳይገባቸው አልቀረም። ስኳሩን ከጀርባዬ ፈትተው ወደ አፌ ሲያስጠጉ ራሴን ነቀነቅሁ።

"እህል የቀመሰ ልጅ አያነሳም" አልኩ።

"ሬሳም አያነሳም። ላስ።"

ላስኩ። ጥቂት ቆይቶ ዛፉ ዛፍ፣ እኔም ሰው ሆንን።

ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ በቀጥታ ወደ ቄሱ ሄድኩ። "መምሬ፣ ይፍቱኝ። መንገድ ላይ ታምሜ አንድ እፍኝ ስኳር በላሁ።"

"ሁለት" አሉ አያ ደምሴ ከኋላዬ።

የነርሷን ወፍጮ አንድም ቃል ሳላስቀር አስረዳኋቸው። በቃሌ እንደያዝኩት ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። መምሬ ሰምተው ሲያበቁ ፈረዱ፦ "ለሕይወት የተወሰደ መድኃኒት ነው። ልጁን አንተ አንሳው። አንተን ደግሞ ደምሴ ያንሳህ።"

ልጁ በክንዴ፣ ክንዴ በአያ ደምሴ እጅ፣ እንዲህ ሆኖ ተጠመቀ። አራሷ የጎደለውን ስኳር አይታ፣ ጨዋ ናትና መርቃ ተቀበለችኝ።

አሁን ከረሜላ ከኪሴ አይለይም። አያ ደምሴ ግን አላመኑኝም። በቀደም ልጁ አንድ ዓመት ሊሞላው ነው ብለው ሲጠሩኝ፣ ከመልእክቱ ጋር ትእዛዝ ጨምረዋል፦

"ሁለት ኪሎ ይዘህ ና። አንዱ ለልጁ፣ አንዱ ለአቀበቱ።"